በአባቴ ፒክ አፕ ላይ የሚያንኳኳው

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ገና ወሬውን ስጀምር ፊታችሁ ላይ የሚመጣውን ፈገግታ አውቀዋለሁ፣ እኔም ራሴ ሰው ሲያወራልኝ እንደዚያው ነበር የማደርገው። እገሌ ግቢ ድንጋይ ይወረወራል፣ እገሊትን ከጓሮዋ በስሟ ጠራት ሲባል «ጎረቤት ተጣልቷት ይሆናል» ብዬ ሻዬን የምጨርስ ሰው ነኝ። በተለይ ነገሩ ድምፅ ከሆነ ለእኔ ቀላል ነበር፣ ሹፌር ነኛ፣ ድምፅ ማለት የላላ ነገር ማለት ነው፣ የላላውን ትፈልጋለህ፣ ታገኛለህ፣ ታጠብቀዋለህ፣ በቃ። ዛሬም የምነግራችሁ የሆነውን ብቻ ነው፣ ትርጉሙን አላውቀውም፣ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱም አይናገርም።

ጊዜው ደርግ ነበር፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ። ቤታችን ጉለሌ ነው፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ኮረኮንች መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ዛሬም እዚያው ነው ያለሁት። አባታችን ሲሞት ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለሽመልስ የተወልን አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ ነበር፣ አረንጓዴ ነበረች ይባላል፣ እኔ እንደማስታውሰው ግን ቀለሟ የምን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም፣ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ መስኮቷ በካቻቢቴ ተደግፎ የሚቆም፣ ብቻ ሞተሯ ደህና ነው። በእሷ ከሸጎሌ ጭድና ፉርሽካ እየጫንን የወተት ላም ላላቸው ሰዎች በየግቢያቸው እናደርስ ነበር፣ እናታችንንም እኛንም የምታበላው እሷ ናት። በኋላ ሽመልስ አንድ ቅዳሜ ዊንጌት ታክሲ ሲጠብቅ በአፈሳ ተወሰደ፣ ሠለጠነ ተባለ፣ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እኔ ብቻዬን መሥራት ቀጠልኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ድምፁ የጀመረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ጥቅምት ላይ። የመጨረሻውን ጭድ አራግፌ ባዶዬን ወደ ቤት እየተመለስኩ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይመሽ፣ ዊንጌትን አልፌ ወደ ሰፈራችን መግቢያ ስቃረብ ከኋላዬ «ቋ… ቋ» አለ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ኃይለኛ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ብረት ብረትን ሲነካ የሚሰማ ተራ ድምፅ ነው፣ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት፣ እኔም «ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ላልቷል ማለት ነው» ብዬ ገብቼ ራቴን በላሁ።

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ዊንጌት አካባቢ ባሕር ዛፍ ሥር የሚሠራ ጋሽ ከድር የሚባል መካኒክ ነበረን፣ የአባቴ ወዳጅ ነው፣ መኪናዋን ገና ኮረዳ ሳለች ጀምሮ የሚያውቃት፣ ወሰድኩለትና ገና አፌን ስከፍት «ባሌስትራ ነው» አለኝ። ፈታነው፣ የተበላ ጎሚኒ፣ በብረቶቹ መሐል የሚገባ ላስቲክ፣ ነበረው፣ ያኔ ደግሞ መለዋወጫ የሚባል ነገር እንደ ወርቅ ነው፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ ከሌላ መኪና የወጣ አመጣሁ፣ ገጠምነው፣ ግራሶ ቀባነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ፣ ማታ ስመለስ ያው ቦታ ላይ «ቋ… ቋ»።

ከዚያ በኋላ የፈታነውን ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ። የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ማሰሪያ አጠበቅን። ክሪኩን ከወንበሩ ሥር አውጥተን ቤት አስቀመጥነው። ትርፍ ጎማውን አወረድን። የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ የስፖንዳውን ማጠፊያ በጨርቅ ጠቀለልን፣ ሰንሰለቱን ጨርሶ ቆርጠን ጣልነው። ጋሽ ከድር በእያንዳንዱ ላይ «አሁን አገኘሁት» ይላል፣ እኔም አምነዋለሁ፣ ጠዋት ስወጣ ምንም የለም፣ ጭነት ላይ ሆኜ ምንም የለም፣ ማታ ባዶዬን ወደ ቤት ስመለስ ግን ይመጣል። «ብረት ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይንቀጠቀጣል» አለኝ አንድ ቀን፣ ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ ልክ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ማታ ከበራችን ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁልጊዜ እኔ ነኝ ወርጄ የምከፍተው፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። ያን ቀን ግን ጋቢዋን ተከናንባ በሩን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«እማዬ፣ መምጣቴን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«አንኳኳ እኮ፣ ሰማሁት» አለች፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ጭነቱ ቦታ እያየች።

«ማን?»

«ወንድምህ ነዋ።»

ይኼን እንድትረዱት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽመልስ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አይወድም ነበር፣ ከኋላ ጭዱ ላይ ወይም ባዶው ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ነፋሱ ደስ ይለዋል፣ ታዲያ ወደ ቤታችን መግቢያ ስንደርስ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ በቀለበቱ ይመታል፣ አቁም ማለቱ ነው፣ እኔ ዝግ ስል ዘሎ ይወርድና ሮጦ በሩን ይከፍትልኛል። እናቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ ነበር ወጥ የምታሞቀው። እኔ ደግሞ ሳምንታት ሙሉ ያንን ድምፅ ስሰማ ባሌስትራ እያልኩ ነበር፣ አንድም ቀን ሽመልስ ትዝ አላለኝም፣ እንዴት ትዝ እንዳላለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ያን ማታ ግን ተቆጣሁ። «እማዬ፣ መኪናዋ አርጅታለች፣ የላላ ነገር አላት፣ አገኘዋለሁ» አልኳት። እሷ ገብታ ሦስት ሰው የሚበላውን አቀረበች።

ከዚያ ወዲህ በየማታው በሩን ከፍታ መጠበቅ ጀመረች። ብርዱ ላይ ቆማ ሳል ያዛት። እኔ ከመጣሁም በኋላ በሩን መዝጋት እምቢ አለች፣ «እሱ ሳይገባ?» ትለኛለች። ስትተኛ ጠብቄ ሄጄ እዘጋዋለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ የግቢ በር ከፍቶ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። አንድ ምሽት የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች ገቡ፣ መሪያቸው ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እናት፣ በሩን ከፍተው ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ልጄን» አለች።

«የትኛውን ልጅዎን?»

«ሽመልስን። በየማታው ይመጣል።»

ከጦር ሜዳ የከዳ ልጁን ደብቆ የሚያበላ ቤት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ቤቱን ፈተሹት፣ አልጋ ሥር፣ ቆጡ ላይ፣ ያስቀመጥኩትን ጭድ ሳይቀር በረጅም ብረት ወጉት፣ ምንም አላገኙም፣ ግን ማዕዱ ላይ የተረፈውን እንጀራ አይተዋል። ሲወጡ ሰውየው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እኛ ደግመን ከመጣን የምንወስደው አንተን ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመኪና ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ያንን ድምፅ ማግኘት አለብኝ፣ አግኝቼ በእጄ ይዤ «ይኸው እማዬ፣ ይኼ ነው ሲያንኳኳ የነበረው» ማለት አለብኝ። ካልሆነ ወይ እሷን ሳንባዋ ይገድላታል ወይ እኔን ይወስዱኛል። ማልኩ።

እሑድ ዕለት ወደ ማምሻው ጋሽ ከድርን ከቤቱ አስነስቼ አመጣሁት። «እርስዎ ከኋላ ይተኙ፣ እኔ እነዳለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ በጆሮዎ ይያዙልኝ» አልኩት። ወገቡ ቢያመውም እሺ ብሎ ወጣ፣ ጆንያ አንጥፎ ተኛ፣ ከዊንጌት ጀምሬ ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ መግቢያው ጋ ስንደርስ መጣ፣ «ቋ… ቋ»፣ በግልጽ ከኋላ፣ እሱ ከተኛበት። አቁሜ ወረድኩ።

«ሰሙት?»

«ሰማሁት እንጂ፣ ከጋቢናው ውስጥ ነው» አለኝ።

«ኧረ ከኋላ ነው ጋሽ ከድር፣ ከእርስዎ ጋ ነው የመጣው።»

«እዚህ የተኛሁት እኔ ነኝ አይደለም እንዴ? ከአንተ ጋ ነው። እንዲያውም አንተ የመታኸው መስሎኝ ነበር።»

ተመልሰን ቦታ ተለዋወጥን፣ እሱ ያዘው መሪውን፣ እኔ ተኛሁ፣ ጆሮዬን ወለሉ ላይ አጣብቄ። መጣ። በአላህ ስም ብሎ ይማልላችኋል፣ ከእሱ ጋ አልነበረም አለ፣ ከኋላ ነው አለ፣ እኔ ደግሞ ከፊቴ፣ ከጋቢናው ነው የሰማሁት። ሁለታችንም ቆመን ተያየን፣ ለአንድ አፍታ እሱ እኔን ጠረጠረኝ፣ እኔም እሱን ጠረጠርኩት፣ ልክ ልጆች ክፍል ውስጥ ማን አፏጨ ተብሎ እንደሚተያዩት። ኋላ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን አጭር ሳቅ ነበር።

«ካሶኒውን እናውርደው» አልኩ እኔ። የጭነቱን ሳጥን ማለቴ ነው። ሥራ ነው፣ ቡሎኖቹ ዝገው ሻንሲው ላይ ተጣብቀዋል፣ ሁለት ቀን ፈጀብን፣ ጭድ የሚያራግፉ ሰዎች ጠርተን አንስተን ባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጥነው። መኪናዋ ከጋቢናዋ ኋላ ባዶ አጥንት ሆነች፣ ብረቱና ጎማዋ ብቻ፣ በመሐል መሬቱ ይታያል። ጋሽ ከድር ከጎኔ ተቀመጠ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ነዳሁ። ከኋላችን ሰው የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ምንም ነገር የለም፣ በኋላ መስታወት የሚታየው ኮረኮንቹ ብቻ ነው። መግቢያው ጋ ደረስን።

ቋ… ቋ።

ጋሽ ከድር «አቁም» አለኝ ቀስ ብሎ። አቆምኩ። ወረደ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገው፣ ንጹሕ እጅ ነበር የሚጠርገው፣ «ጌታቸው፣ እኔ ብረት ነው የምጠግነው» አለኝና ወደ ዊንጌት በእግሩ ተመለሰ። በማግስቱ ካሶኒውን ገጠመልኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ይኼን ደግሞ ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ፣ ፍርሃት ስላልነበረኝም አይደለም፣ ብተወው ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። የጋቢናውን የውስጥ ክዳን ገንጥዬ ጣሪያውን በጣቴ እየመታሁ ዳሰስኩት፣ የላላ ነገር የለም። መንገዱ ላይ የሚያዘነብል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር፣ ምናልባት እሱ ጣሪያውን እየነካ ይሆናል ብዬ መጥረቢያ ተውሼ ቆረጥኩት፣ ባለቤትየዋ ሰደበችኝ። በሌላው መግቢያ፣ በወንዙ በኩል ዞሬ መጣሁ፣ እዚያም ቤታችን ሊታይ ሲል መታ። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩ ይሆናል ብዬ መኪናዋን ሳላመጣ አጥር ሥር ተቀምጬ መንገዱን ጠበቅሁ፣ ከላሞችና ከአንድ ቄስ በስተቀር ያለፈ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ወፍራም ጆንያ አራት አጥፌ ጋቢናው ጣሪያ ላይ አደረግሁና በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። አስቡት፣ ድምፁ ከታች ከሆነ፣ ከሞተር ይሁን ከሻንሲ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ጆንያ ምንም አይለውጠውም፣ ያው «ቋ» ይላል፣ እኔም ለእናቴ ከታች ነው የሚመጣው ብዬ እምላለሁ። ብቻዬን ነበርኩ። ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ።

ዱብ… ዱብ አለ። ታፍኖ። ጆንያ ላይ እንደሚመታ።

ወርጄ አየሁት። ምንም የለም፣ ጆንያው እንዳሰርኩት ነው። እዚያው መንገድ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፣ የአንድ ቤት ራዲዮ ይሰማኝ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ከዚያ ገብቼ ነዳሁ፣ እናቴ በሩ ላይ ነበረች።

በማግስቱ መኪናዋን ጋሽ ከድር ጋ አቁሜ በእግሬ ገባሁ። እናቴ ባዶውን መንገድ አየች፣ አየችኝ።

«የት ጥለኸው መጣህ?»

«ጋራዥ አቆምኳት እማዬ፣ ትንሽ ትረፍ ብዬ…»

«መኪናዋን መች አልኩህ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገረችኝም፣ ምግብም በቅጡ አልበላችም፣ ሳሉም ባሰባት፣ ሥራውም ቆመ። መልሼ አወጣኋት። ምን ላድርግ። ድምፁ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ እናቴ በላች። ልቤ ውስጥ ግን ሽመልስ ሞቷል የሚለው ነገር ገብቶ ተቀመጠ፣ ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለራሴም ጮክ ብዬ አላልኩትም።

እና እንግዲህ፣ በልግ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ ጋሽ ከድር ጋ ጎማ ላስነፋ ቆሜ ሳለ አንድ ከሲታ ወታደር ቀኝ እጁ በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በጭቃው እየተራመደ መጣ። ጋሽ ከድር ነው ቀድሞ ያወቀው፣ የያዘውን ቱቦ ጣለው። ሽመልስ ነበር። ወንድሜ፣ ሕያው፣ ክንዱን ቆስሎ ለሕክምና ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ወረቀቱ በኪሱ። እንዴት እንደተቃቀፍን አልነግራችሁም። ብቻ ካለቀስኩ በኋላ ያሰብኩትን የመጀመሪያ ነገር ልንገራችሁ፣ ስለ መኪናዋ ነበር። ብረት ነው እንግዲህ፣ አልኩ በልቤ፣ ሰውየው በሕይወት አለ፣ እዚህ ቆሟል፣ ስለዚህ ሲያንኳኳ የነበረው ብረት ነው። ያ ሁሉ ወር ከላዬ ላይ የወረደ መሰለኝ።

ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። እጁ ስለታሰረ ኋላ መቆም አይችልም። እየነዳሁ እንደ ቀልድ ሁሉንም ነገርኩት፣ የጎሚኒውን፣ የጆንያውን፣ ባሕር ዛፍ የቆረጥኩባትን ሴትዮ ስድብ፣ መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ካሶኒውን ስላወረድንበት ቀን ስደርስ ሳቁን አቆመ።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ጥቅምት። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ።»

«ጥቅምት» ብሎ ደገመው። ከዚያ «ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው?» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ። እንደ አንተው።»

በደህናው እጁ ፊቱን ጠረገ። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። «የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን? ለማን?»

«መንገዱን፣ ቤቱን፣ ሁሉንም። ሌላ ምን እናወራለን እዚያ ምሽግ ውስጥ? እዚህ ስትደርስ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ትመታለህ፣ ወንድሜ ያቆምልሃል አልኩት። እሱ ግን እዚያው ቀረ።»

«ለማን ነው የምትለኝ ሽመልስ?»

መግቢያው ጋ ደረስን።

ቋ… ቋ።

ወንድሜ ወደ ኋላ አልዞረም። እኔ ወደ መስታወቱ ቀና ልል ስል ጉልበቴን ያዘኝ። «አቁምለት» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ፣ አስቡት፣ ያ ድምፅ ሲመታ አንድም ቀን ለእሱ ብዬ አቁሜ አላውቅም ነበር። ላጣራ አቁሜያለሁ፣ ልፈልግ አቁሜያለሁ፣ አንድ ሰው ይውረድ ብዬ ግን አላቆምኩም። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። የመኪናዋ ኋላ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ባሌስትራው ሲጥ አለ፣ የከበደ ሰው ሲወርድ መኪና እንዴት እንደሚነሳ ሹፌር የሆነ ያውቀዋል፣ እንደዚያ። እግር መሬት ሲነካ አልሰማሁም። ሽመልስ ትንሽ ጠብቆ «ሂድ አሁን» አለኝ፣ ወደ በራችን ገባሁ።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ሽመልስ ሲወርድ ስታየው እልል አላለችም፣ አልጮኸችም፣ በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ ዓይኑን፣ ግንባሩን፣ የታሰረ እጁን ሳመችው፣ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያ በትከሻው ላይ ወደ መንገዱ አየች።

«ጓደኛህስ? ዝናብ ላይ አቁመኸው ነው እንዴ?»

እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ሽመልስ ግን አልዞረም።

«ይገባል እማዬ» አላት።

በሩን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፣ እንግዳ ሲያልፍ ገለል እንደሚባለው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ገለል አለች፣ ከዚያ በሩን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ራሷ ወረወረችው። በሩን ከፍታ መጠበቅ ከጀመረች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ማታ ሽመልስ አጠገብ ተቀምጣ ሳትስል በላች፣ ገብታም ተኛች።

ድምፁ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በባዶም፣ በጭነትም፣ ጠዋትም ማታም። ጋሽ ከድር ከሳምንታት በኋላ «ምን አድርገህ ነው ያጠፋኸው?» ሲለኝ «አቆምኩለት» አልኩት፣ ሌላ አልጠየቀኝም። የሽመልስ ክንድ ሳይድን መንግሥት ተለወጠ፣ ወደ ጦሩ አልተመለሰም፣ ሚስት አገባ፣ አሁን ሸጎሌ ነው የሚኖረው፣ ልጆች አሉት። መኪናዋን ለቁራሌው ሸጥናት። እናቴ ካረፈች ቆይቷል።

ሽመልስን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁት፣ በእናታችን ሐዘን ላይ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን። «ማን ነበር?» አልኩት። 

«ደረሰ አይደለም እንዴ? ተወው በቃ» አለኝ።

ተውኩት። ግን ያ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሽመልስ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ እንኳ አያድርበትም፣ ልጆቹ እምቢ አሉ ይለኛል፣ ራሱ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ አሁንም በእንዲህ ያለ ነገር አምናለሁ ብዬ አልነግራችሁም። አንድ ነገር ብቻ ሌሊት ሲያነቃኝ አስባለሁ፣ ያን ማታ የኋላው ብረት ሲነሳ በራሴ ወንበር ላይ ተሰምቶኛል፣ እናቴም ገለል ብላ አሳልፋ በሩን ስትዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲወርድ አውቃለሁ። ሲገባ አውቃለሁ። ሲወጣ ያየ ሰው ግን የለም።